የሰኔ ጾምና የልጄ ሆድ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ጠመዝማዛውን መንገድ ሲያያዘው ከሹፌሩ በላይ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ፍሬን ሲይዝ እናደዳለሁ፤ ሰው ለማውረድ ሲቆም ሰዓቴን አያለሁ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የልጄን ክንድ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ እከበዋለሁ። ጣቶቼ ከተነካኩ ያን ቀን እራት አይወርድልኝም። ትንሽ ክፍተት ካገኘሁ ደግሞ አላልቼ ይዤ ይሆናል ብዬ እንደገና እለካለሁ። እናቴ በዚህ ትበሳጭ ነበር፤ ልጅ ናት እንጂ ብርቱካን አይደለችም፣ በመጣሽ ቁጥር አትጨብጫት ትለኛለች።

የምለካው ግን ወድጄ አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት የመጀመሪያ ልጄ በምግብ እጥረት ሆስፒታል ተኝታ ገና መውጣቷ ነው። የተከታተለቻት ነርስ ስታሰናብተን ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ዳግመኛ ከወረደች አሁን እንደተነሳችው ትነሳለች ብዬ ቃል አልገባልሽም ብላኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥም መቆምም አልሆነልኝም።

ያሳፍረኝም ነበር፤ ከማፈሬ ንዴቴ ይብስ ነበር እንጂ። ሰፈሩ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ስለ ጽዳትና ስለ ክትባት በሚሰበሰብበት በዚያ ዘመን እኔ ሞዴል ቤተሰብ ተብዬ ተመርቄ ምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እኔ ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ በከባድ መኪና የጅቡቲን መስመር ይመላለሳል፣ ጦማችንን አድረን አናውቅም። ታዲያ የኔ ልጅ በምን ዕዳዋ ትከሳለች እያልኩ ከግድግዳው ወረቀት ጋር እጣላ ነበር።

እኔ የማውቀው የከሳ ልጅ ሲበላ ይወፍራል የሚለውን ነው። ነርሷ ግን ነገሩ እንደዚያ ብቻ አይደለም አለችኝ። ልጅሽ ሆድ ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉላት ባክቴሪያዎች አሉ ስትል ደነገጥኩ። ባክቴሪያ እኔ የማውቀው ከስብሰባው ላይ ነው፤ በሳሙና የሚገደል። ደጎችም አሉ አለች። ተቅማጥ በመጣባት ቁጥር፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ሽሮፕም በገባ ቁጥር ደጎቹ ከክፉዎቹ ጋር አብረው ይጠረጋሉ። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ ያንን ሽሮፕ ያልገዛ ወላጅ አልነበረም። ልጅሽ ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ ሆዷ ግን ገና የትንሽ ሕፃን ሆድ ነው፤ ክብደቷ ቶሎ ቢመለስም ሆዷ እስኪያድግ ጊዜ ይፈልጋል አለችኝ። እርሾ እንደሌለው ሊጥ ማለት ነው? ብዬ ጠየቅኳት። እንደዚያው በይው ብላ ሳቀች። እርጎ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቤት ከሚበላው ሁሉ ትንሽ ትንሽ፣ ሳይቋረጥ። ሳይቋረጥ የምትለዋን ደጋግማ ተናገረቻት።

እያጉረመረምኩ ወጣሁ። አንዷን ልጅ መመገብ አቅቶኝ፣ አሁን ደግሞ ሥፍር ቁጥር የሌላቸውን የሆዷን እንግዶች ልቀልብ ነው?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰላም አለፉ። ከሆስፒታል የተሰጠን በከረጢት የታሸገ የለውዝ ምግብ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ጠርዙን ቀዳ ትሰጣታለች። ወተት እንዳለበት ነርሷ ነግራኛለች። እናቴ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ጠቡ የመጣው ከረጢቱ ሲያልቅና የሰኔ ጾም ሲገባ ነው።

የሰኔን ጾም የቄስ ጾም ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ። እናቴ ግን አንድም ጾም አልፏት አያውቅም። ልጂቱ ትጹም አላለችም፤ ሕፃን እንደማይጾም ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። የእሷ ጭንቀት ድስቱ ነበር። ወተት የፈላበት ድስት፣ እንቁላል የነካ ማንኪያ ተመልሶ ሽሮዋ ውስጥ ቢገባ ጾሟ ተገደፈ። ለብቻው የሚሆን ትንሽ ድስት ገዝቼ መጣሁ።

"ድስቱንስ ለየሽው፤ እጄን በምን ትለዪልኛለሽ?" አለችኝ።

በሰፈሩ ያሉ ክርስቲያን እናቶችም ብዙዎቹ እንደሷው ነበሩ። ልጁ አይጾምም፤ ቤቱ ግን ይጾማል፤ ልጁም ከቤቱ ጋር ሽሮ ሲበላ ይከርማል። እኔ እንዳልቀር ሥራዬ ነው፤ እናቴን እንዳላስገድድ እናቴ ናት። በንዴት ድስቱን አጋጨሁት፣ ተጨቃጨቅን፣ ድምፃችን ከአጥር ወጣ።

የሰሙት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናቸው። የእናቴ እኩያ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ አጥር ሁለት ወገን አብረው ነው ያረጁት። በበራችን ብቅ ብለው ድስቱን ከእጄ ተቀበሉኝ።

"ልጂቱን ወዲህ አምጧት። እኔ ዘንድ የሚገደፍ ድስት የለ። አብሽሪ ልጄ፣ ኢንሻአላህ ትነሳለች።"

ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ። እሳቸው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወተት ያፈላሉ፣ እንቁላል ይቀቅላሉ፣ እርጎውን በማንኪያ ያጎርሷታል። ቀምሰው ማየት ስለማይችሉ ሙቀቱን በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ይለኩታል። እናቴም ወንበሯን ይዛ ትሄድና ራቅ ብላ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሁለት ጾመኛ አሮጊቶች አንዲት የማትጾም ልጅ መሃላቸው አድርገው ይውሉ ጀመር።

እኔ ግን ኮምቦልቻ ማሽኑ ሥር ቆሜ ዕረፍት አልነበረኝም። ክር እቀጥላለሁ፤ በላች ይሆን፣ አስቀመጣት ይሆን? ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለነበር ለምሳ እስክንወጣ ሰዓት እቆጥራለሁ። ስደውል እናቴ "ሃሎ" አትልም። "አለች" ብላ ነው የምትጀምረው።

ቀስ እያለ ጣቶቼ መካከል ክፍተት መጣ። ወዲያው ደግሞ ተቅማጡ ተመለሰና ክፍተቱ ጠፋ። እግሬ ሳላውቀው መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ አደረሰኝ፤ ሽሮፑን ልጠራ አፌን ከፍቼ በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ደም ካየሽበት ወይ ካተኮሳት ወደኔ አምጫት፣ ያለዚያ የሚወጣትን ፈሳሽ እየተካሽ መግቢያት ብላኝ ነበር ነርሷ። አላተኮሳትም። እኔን ግን አተኮሰኝ። ከቀናት በኋላ ተቅማጡ ቆመ፤ ልጄም የጎረቤታችንን መስኮት እያየች ታለቅስ ጀመር። የራበው ልጅ ልቅሶ ነው። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወልኩ። እናቴ እንደ ልማዷ "አለች" አለችና፣ ጎረቤታችን ከገራዶ የወንድማቸው መርዶ መጥቶባቸው ጥዋት መሄዳቸውን ነገረችኝ። ልጂቱ ምን በላች ስል ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አይነሳም። ከሰዓት በኋላ ስንት ክር እንደተበጠሰብኝ እንጃ። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው በዚያው ቀን አይመለስም። እናቴ ሽሮ ሰጥታት ይሆናል፤ ወይም ይርባታል፤ ነርሷ ሳይቋረጥ ብላለች። በሚኒባሱ ሽቅብ ስንወጣ ለእናቴ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ደግ ቃል አልነበረበትም። ሰኞ ገበያ ስንደርስ ሰዉ መንገዱን ዘግቶት ስንቆም አላስቻለኝም፤ ወርጄ ነጠላዬን እየሰበሰብኩ በእግሬ ሮጥኩ።

በሩን ገፍቼ ስገባ እናቴ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የከሰል ምድጃ፣ በላዩ ያቺ ትንሽ ድስት። ጎረቤታችን ሲሄዱ ድስቱንና ወተቱን አስረክበዋት ኖሯል። ወደ ኩሽናዋ አላስገባችውም፤ እዚያው ደጅ አፍልታዋለች። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በማንኪያ እያጎረሰቻት ነበር። ነጠላዬን እንደሰበሰብኩ በሩ ላይ ቆምኩ።

ልጄ ጥቂት ከጎረሰች በኋላ አፏን ገጠመች። ማንኪያውን ከእናቴ እጅ ቀማችና ወተቱን እያንጠባጠበች ወደ እናቴ አፍ ዘረጋችው። እናቴ ፊቷን ዘወር አድርጋ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ የኔ እናት፣ አንቺ ጠጪ አለቻት። ልጄ እጇን አልመለሰችም። ወተቱ በሙሉ ቢፈስም ባዶውን ማንኪያ እንደዘረጋች ቀረች። እናቴ ሞልታ ወደ ልጂቱ አፍ ብታስጠጋው ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች፤ ማንኪያውን ይዛ ወደ እናቴ መለሰችው። ያቺን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች እንጃ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው መምጣቴን ያወቀችው። ተዪው እማዬ፣ እኔ እሞክራለሁ አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

"ተቀመጪ" አለችኝ። "እየበላች ነው፣ አታስቁሚያት።"

አማተበች፤ አፏንም ከፈተች። ልጄ ማንኪያውን አጎረሰቻትና ስትውጥ እስክታይ ጠበቀቻት። ከዚያ የራሷን አፍ ከፈተች። እናቴ ሞልታ አጎረሰቻት፤ ልጄም ዋጠችና ማንኪያውን ደግማ ዘረጋችላት።

እናቴ በሁለተኛው አላማተበችም።