የእናቴ ሶፋና የአባቴ ወገብ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ ወገቤን ያሳየኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገና ሳትነካኝ፣ «ቤትዎ ምን ላይ ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ። ሶፋ አልኳት። «የሚያሰምጥ ነው?» ስትለኝ፣ ወንበር የሚሸጥ ወንድም ሳይኖራት አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ። መጠርጠር የእናቴ ውርስ ነው፤ ጡት ሳልጥል ነው የለመድኩት። ጥያቄዋ ግን የልጅነት ሳሎናችንን፣ በአዳማ ሙቀት የጋለውን የአዲስ ስፖንጅና የላስቲክ ሽታ ይዞብኝ መጣ።

እናቴ ዕቁብ ደርሷት ያን ወይን ጠጅ ሶፋ ያስገባች ቀን፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ፣ በአንድ ግቢ የምንኖረው እትዬ ዘነበች መጡ። ከእናቴ ጋር እርሾና ጨው የሚዋዋሱ፣ እኔንም ለመቆጣት የማንንም ፈቃድ የማይጠይቁ ሴት ነበሩ። ሶፋውን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው፣ «ውይ ሲያምር!» አሉ፤ ከዓይን ያውጣው ሳይሉ። እናቴ ይህችን ልብ አለቻት።

አባቴ እስከዚያ ድረስ ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ከምሳ በኋላ ሶፋው ውስጥ ሰምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ አገጩ ደረቱን እስኪነካ ተጣጥፎ ሬዲዮ ያዳምጥ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ወገቡን ያዘው። እናቴ ለአፍታም አላመነታችም፤ ዓይን ነው። ሶፋውን ጠበል ረጨችው፣ አባቴንም እንዲሻለው ብላ በትራስ ደጋግፋ እዚያው ላይ አስተኛችው። እኔ የእትዬ ዘነበችን ዓይን ሰርቄ አይ ነበር፤ እንደማንም ሰው ዓይን ነው።

እትዬ ዘነበች ሊጠይቁት መጥተው፣ «ኧረ ከዚህ ነገር ላይ አንሺው! እዚህ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ አይደል የጎበጠው?» አሉ። ሲወጡ እናቴ በሩን ዘጋችና፣ «አየሽ? ሶፋው ነው ያንገበገባት» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ በግቢው መሐል የቆርቆሮ አጥር አስቆመች። እሳቸው ቤት የምበላው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀረብኝ፣ አባቴም ጎብጦ ቀረ።

ከሕክምናው ስመለስ የተነገረኝን ለእናቴ አወራኋት፤ ወገብ የሚጎዳው እንደ ድሮው ሶፋችን የሚያሰምጥ መቀመጫ ላይ ተጣጥፎ መዋል ነው፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ መቀመጥ፣ ቶሎ ቶሎም መነሳት ያስፈልጋል አልኳት። ባለሙያዋን ትጠረጥራታለች ብዬ ስጠብቅ፣ እትዬ ዘነበችን አነሳች። እሳቸው አቦምሳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገብተው እዚያው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

«ለቅሶዋን እንኳ አልደረስኩም» አለችኝ። «መንደሩ ሁሉ አውቶቡስ ተከራይቶ ሲሄድ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር።»