የሃይድሮጂን ቤት ሠራተኛ ሳለሁ

ባለፈው ሐሙስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም መብራት ጠፍቶ መጣ። ፍሪጄ ግን ወዲያው አልተነሳም፤ ስታብላይዘሩ ቀይ መብራቱን አብርቶ ጥቂት ያስጠብቀዋል። ልጆቼ ወልደው ከብደው ወጥተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ቆሜ ጠበቅሁት። የማሽን ደጅ የጠናሁበት ዘመን ትዝ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ ንፋስ ስልክ አንድ የአትክልት ቅቤ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ዘይቱ የሚረጋው በሃይድሮጂን ነው፤ እሱን ደግሞ በኤሌክትሪክ ከውሃ የሚለይ ማሽን ነበረን። ጋዙ እሳት ይወዳልና የማሽኑ ቤት ግቢው ጥግ ላይ፣ ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ለብቻው ተሠርቷል። ክብሪት ክልክል፣ ብልጭታ የሚፈጥር ናይለን ልብስ ክልክል፣ ምሳም ክልክል። የማሸጊያ ክፍል ልጆች ሽሯቸውን ከአንድ ሳህን ሲጎራረሱ ሳቃቸው ይሰማኛል። እኔ የምበላው እነሱ ታጥበው ሲነሱ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፤ ይህን ያለው ሰው በፈረቃ ሠርቶ አያውቅም።

ማሽኑ ለራሱ ያውቃል። ሃይድሮጂኑ ውስጥ ኦክስጅን መቀላቀሉን ከጠረጠረ ራሱ ይቆማል፤ ጋዙን በጣሪያው ቧንቧ ያስወጣል፤ ከዚያ መስመሩን በማይቃጠለው ናይትሮጅን ያጥባል። የእኔ ሥራ የመለኪያውን መርፌ ማየት፣ ናይትሮጅኑ እምቢ ካለ ደግሞ በእጄ መክፈት ነው።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሳይረኑ ጮኸ። ሁሉም ወደ ዋናው በር ሮጠ፤ ደንቡ ነው። እኔ መቆጣጠሪያ ክፍሏ ውስጥ ቀረሁ፤ ይህም ደንብ ነው። ቧንቧው ከላይ ፉጨቱን ለቀቀው። መርፌው ላይ አፈጠጥኩ። ናይትሮጅኑ ገባ፣ መርፌው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ማሽኑ ጸጥ አለ። ዝናቡም አባርቶ ነበርና የግቢው ድምፅ ሁሉ ወደ እኔ መጣ።

አለቃችን ጋሽ በቀለ በሩ ላይ ሰው ይቆጥራሉ። ድምፃቸው ሰፈር ያስነሳል።

«ሁሉም አለ?»

«ሁሉም አለ!» አሉ ባንድነት። የጓደኛዬን የዘነቡን ድምፅ ከመሃል ለየሁት።

«ተመስገን፣ ሰው አልጎደለም» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እኔ አለሁ» አልኩ። ግድግዳው ወፍራም ባይሆን ኖሮም የሚሰማኝ አልነበረም፤ ድምፄ አልወጣም።

ማታ ከዘነቡ ጋር ወደ ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ተሳፈርን።

«ያንቺ ማሽን ዛሬ ልባችንን አጠፋው እኮ» አለችኝ።

«ስትቆጠሩ እኔ አልነበርኩም።»

«አንቺማ እዚያው ነሽ፣ የት ትሄጃለሽ ብዬ ነው» አለችና ቆሎ ዘገነችልኝ። ክፋት የላትም፤ የባሰብኝም እሱ ነው። ቆሎውን በእጄ እንደያዝኩ ወረድኩ።

ያን ቀን ማንም አልተጎዳም፤ ማሽኑ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። በማንም ቂም አልያዝኩም። ግን አንድ አመል አወጣሁ። ልጆቼ በበዓል ተሰብስበው፣ ገበታው ቀርቦ፣ አንዱ «ሁላችንም አለን?» ሲል፣ እኔ ከወጥ ቤት «አለሁ!» ብዬ እጮኻለሁ። «እማዬ ደግሞ፣ የት ትሄጃለሽ?» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንዳቸው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ደግሜ እላለሁ።