ገመዱን የለቀቅሁ ቀን

ልጄ ሐና የፊዚክስ የቤት ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ "አባዬ፣ ይሄ ትሮሊ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግራቪቲ የሠራው ወርክ ስንት ነው?" አለችኝ። ሥዕሉ ላይ ያለው ጋሪ ገፊ የለውም፣ ላዩም ላይ ማንም አልተቀመጠም። ክብደቱን በከፍታው አባዢው አልኳት፤ ዓይኔ ግን ከሥዕሉ ላይ አልነሳ አለ።

በስደት ከተማችን፣ ቤሪያ በሚባል ሰፈር ስንኖር፣ አሥር ዓመቴ ነበር። ከሆሳዕና የመጣው አባቴ ብርድ ልብስ የተቆለለበትን ጋሪ እየገፋ ፎርድስበርግ ገበያ ወርዶ ይሸጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከኋላ ገመዱን ይዤ ፍሬን እሆናለሁ፤ እናታችን ሥራ ስለምትውል የአራት ዓመቷ እህቴ ሰላም ከብርድ ልብሱ አናት ላይ እንደ ሙሽራ ትቀመጣለች። ቁልቁለቱ ጫፍ ስንደርስ አባቴ ጋሪውን ለእኔ ትቶ፣ ጎን ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጸልያል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እጁን ሳያነሳ የሚጸልይ ስለሌለ ለእኔ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶኝ ነበር፦ "አንተ ገመዱን ያዝ፤ ጌታ ይረዳሃል።"

የዚያን ቅዳሜ ግን ከከተማው ዳር ዲፕስሉት ያለው አጎቴ ሱቁ ተዘርፎ፣ በጥይት ተመትቶ ሆስፒታል ነበር። አባቴ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲጸልይ የአጎቴን ስም እየጠራ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ዓይኔን ጨፍኜ እኔም ሁለት እጄን አነሳሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የጎማውን መንቋቋት ነው። ዓይኔን ስገልጥ ገመዱ አስፋልቱን እየጠረገ ይሄዳል፣ ጋሪው በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ ይብሳል፣ ሰላም ጨዋታ መስሏት ትስቃለች፣ ከታች መስቀለኛው መንገድ ላይ ታክሲዎች ይከንፋሉ። በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ "ባምባ! ባምባ!" ትላለች፤ ያዘው ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ ግን እጄን እንዳነሳሁ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ በጎን ሮጦ ቀደመውና ፊቱ ተጋርጦ በጉልበቱ ተቀበለው። የትራፊክ መብራቱ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሰላም "ድገሙኝ" አለች።

እናቴ ያበጠውን ጉልበት አይታ፣ "ማነው የለቀቀው?" አለች።

"እኔ ነኝ፤ ስጸልይ አመለጠኝ" አላት አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ። የለቀቅሁት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩም።

ሐና መልሱን አግኝታ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መንገዱ ቢጠማዘዝም ቢቀናም፣ ከፍታው አንድ እስከሆነ የስበት ሥራ አንድ ነው ይላል መጽሐፏ። አባቴ ትንሽ ቢያነክስም ጉልበቱስ ድኖለት ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ግን፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ማዕድ ላይ፣ እስኪሞት ድረስ ዓይኑን ገልጦ ነው የጸለየው፤ እያንዳንዳችንን በየተራ እያየ።