ሽታዬ ያልተማረችው ቃል

ጉድ እኮ ነው! ሰው ሲታመም እጁን ያጣል፣ እግሩን ያጣል፤ የሽታዬ ባል አካለ ወልድ ያጣው ግን አማርኛውን ነው። ሉማሜ ላይ ወፍጮ ሲጠግን ውሎ፣ የእጁን ግራሶ ሳይታጠብ ወደቀ። ደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ደብረ ማርቆስ ተኝቶ ሰንብቶ ሲመለስ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሏል፤ ከአፉ የሚወጣውም አንዳንድ የመስኮብ፣ የሩሲያ ቃል ብቻ ሆነ። በደርግ ጊዜ የትራክተር ጥገና ሊማር የሄደበት አገር ቋንቋ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ፣ የሰውየውን አፍ ወርሶ ቁጭ አለ።

የሽታዬ ጭንቀት አንድ ነው፤ ባሏ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ። አብረውት ከተማሩት አንዱ ሞቷል፤ ሌላውን የበላው ጅብ አልጮኸም። የጎረቤት ልጅ በስልክ ሊያስተረጉምላት ሞክሮ ነበር፤ የተኮላተፈውን አፍ ስልኩም አልገባው።

ደግነቱ፣ እጮኛው ሳለች በጨዋታ ያስተማራት ጥቂት ቃላት ነበሩ። እዚያ አገር ዕቃ ሁሉ ጾታ አለው ቢላት በሳቅ ፍርስ ብላ ነበር። ዳቦ ኽሌብ ነው፣ ወንድ። ውኃ ቫዳ ናት፣ ሴት፤ የቡልጋሪያና የፖላንድ ጓደኞቹም ከዚሁ ብዙ በማይርቅ ስም ነው የሚጠሯት፣ ቋንቋዎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸውና። መስኮት ደግሞ አክኖ ነው፣ ወንድም ሴትም አይደለም።

«ምነው፣ መነኮሰ እንዴ?» አለችው ያን ጊዜ።

«እንጃለት! ስሙ ግን ከዓይን የወጣ ነው። የቤት ዓይን በይው» አላት።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ቃል በነገራት ቁጥር «ወንድ ነው ሴት?» ማለት ጨዋታቸው ሆነ። ከሁሉ የወደደችው የድብን ስም ነው። ሰዎቹ በጥንት ጊዜ ድብን በእውነተኛ ስሙ መጥራት ፈርተው ማር በላ አሉት፤ ሜድቬድ። «እኛስ እባብን በማታ በስሙ እንጠራዋለን?» አለች ሽታዬ። አካለ ወልድ አባቷ ቤት በመጣ ቁጥር የማሩን ሰፈፍ ሳይቀር ያላምጥ ነበርና ስሙ እሱው ላይ ተለጠፈ። ከተጋቡም በኋላ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ሜድቬድ ነው የምትለው።

እንግዲህ እነዚህ ቃላት ናቸው ያቆዩት። ቫዳ ሲል ታጠጣዋለች፤ አክኖ ሲል ትከፍትለታለች። አንድ ቀን ግን ቦል አለ።

ቦል? ዕቃ የጠየቃት መሰላት። ውኃ ሰጠችው፤ ደፋው። ዳቦ ሰጠችው፤ ፊቱን አዞረ። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። እሱ ቦል ይላል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ወይ እኔ ልሙት፣ ምኑን ላምጣልህ?» እያለች ቤቱን ዞረችው። የምታውቀው ቃል አለቀባት።

የባሏ ወንድም ምስጋናው «እትዬ፣ ይኸ ሕመም አይደለም። በአፉ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ጠበል እንውሰደው» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። የጨነቀው ሰው ምን ይመርጣል? እሺ አለች።

ጠበሉ ላይ ደግፈው አቆሙት። አጥማቂው መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ስምህን ተናገር!» ብለው ጮኹ። አካለ ወልድ ውኃው ፊቱ ላይ እየወረደ ዓይኑን ገልጦ ሽታዬን ፈለጋት፤ አገኛት።

«ሜድቬድ» አለ።

«ተናገረ! ስሙን ተናገረ!» ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። ምስጋናው ተንበርክኮ አለቀሰ።

ሽታዬ ግን ሰዉን ገፈታትራ ወደፊት ወጣች። ለካ ይሰማል! ይኸን ሁሉ ቀን የምትለው እየገባው፣ መመለስ ነው ያቃተው! «የራሱ ስም ነው! እኔ ነኝ ያወጣሁለት! ልቀቁልኝ!» ብላ ከነልብሷ ጠበሉ ውስጥ ገባች። «እሷንም ይዟታል» አለ አንዱ። ይበል! ባሏን አቅፋ አወጣችው።

ቤት ገብተው አልጋው ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው። «ቦል» አለ እንደገና።

«አንተ ማር በላ፣ ይኸን እኮ አላስተማርኸኝም!» ብላ ደረቷን መታች። «የጣፈጠውን ሁሉ ነግረኸኝ ይኸን ለምን ተውኸው?»

አካለ ወልድ አያት። በደኅናው እጁ እጇን ያዘና ግንባሩ ላይ አኖረው። የደም ሥሩ እጇ ሥር ይዘልላል። ፊቱን ጭምድድ አድርጎ፣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ፣ «ቦል» አላት።

«ቦል» አለች። ገባት። ሕመም ነው። ለእጮኛው ሕመምን የሚያስተምር ማን አለ?

«ወንድ ነው ሴት?» አለችው እንባዋ እየወረደ።

በጣቱ ወደ እሷ አመለከተ። ፈገግ ሊል ሲል ዓይኑ ተገለበጠ።

ኡኡ አለች። በተገኘው ሚኒባስ ጭነውት ከምስጋናው ጋር ማርቆስ ደረሱ። ወጣቱ ሐኪም የአካለ ወልድን ዓይን በባትሪ እያየ «እማማ፣ ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት ምን አሉ? ምን ተሰማቸው?» አላት።

ሽታዬ አፏን ከፈተች። አማርኛው አልመጣ አላት።

«ቦል!» አለች የሐኪሙን ጋውን ይዛ። «ቦል! ቦል!»

ሐኪሙ ወደ ምስጋናው ዞሮ «ምንድን ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀ።

ምስጋናው አማተበ።