የአልኮሉ ደቂቃ

ራህማ ከለሚ ኩራ ማለዳ ወጥታ፣ ኢምፔሪያል ላይ ታክሲ ቀይራ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለችው የጥርስ ክሊኒክ ስትደርስ ገና ሥራ ሳይጀመር ደክሟታል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የዶክተር ይትባረክ ረዳት ናት። እሳቸው ተቀምጠው ይሠራሉ፣ እሷ ቆማ ታቀብላለች። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። ማን ይጠይቃታል? "ራህማ እኮ አይደክማትም" ብለው ፈርደውባታል።

የጥርስ ሥር ሲታከም የሞተው ነርቭ ይወጣል፣ ነርቩ የነበረበት ቀጭን ቦይ ይታጠባል፣ ከዚያ ይደፈናል። ከመደፈኑ በፊት ግን ራህማ የማትዘላት ነገር አለች፤ በአልኮል ማለቅለቅ። አልኮሉ የቀረውን ውሃ ይዞ ይወጣል፤ እርጥብ ቦይ ላይማ የመድፈኛው ማጣበቂያ ምኑን ይይዛል! ዶክተሩ ዓይናቸውን ከጥርሱ ሳያነሡ እጃቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ እሷ የአልኮሉን ስሪንጅ ታስይዛቸዋለች። ከዚያ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ያቺን ደቂቃ ራህማ ግድግዳውን ደገፍ ብላ፣ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ፣ በልቧ እየቆጠረች ታሳልፋለች። ዕረፍት ካሉት ዕረፍቷ ይኸው ነው።

ሰሞኑን ተራው የእሷ ሆነ። በግራ በኩል የቀረቻት አንዲት መንጋጋ ታመመች። ነርቩን ያወጡት ዶክተሩ ናቸው። "አደራ፣ ይቺ ከተበላሸች መንቀል ነው" አሏት። ለመድፈን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታካሚው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተቀጠረች። የሚያቀብል ሰው የለም። አቀባይዋ ራሷ ወንበሩ ላይ ተጋድማ ማን ያቀብል?

ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይደርስ አፏ ላይ ላስቲክ ተወጠረ፣ መናገር ቀረ። ዶክተሩም ዝለዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው አክመዋል። ቦዩን አጠቡና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ምንም የለም። ትሪው ላይ ቀድሞ ያገኙትን ማድረቂያ ወረቀት አነሡ፣ ከተት አድርገው አወጡት፣ ማጣበቂያውንም መበጥበጥ ጀመሩ።

ወይ ጉድ! ወረቀቱ እስከ ጫፉ ርሷል፣ ቦዩ ገና ውሃ ይዟል፤ ራህማ ተጋድማ አየችው።

"ኧኧኧ!" አለች።

"አመመሽ እንዴ? አይዞሽ፣ አለቀ እኮ።"

ምኑ ነው ያለቀው! አላመማትም፤ ተናዳለች። ስንቱን ሰው ጥርስ ስትጠብቅ ኖራ ለእሷ ሲሆን ይዘለል? ክንዷን ዘርግታ ትሪውን ዳበሰች። ጠዋት ያሰናዳችው ራሷ ናትና ስሪንጁ የት እንዳለ ሳታይ ታውቃለች። አነሣችና እጃቸው ላይ አኖረችው።

ዶክተሩ ስሪንጁን አዩ፣ እሷን አዩ። የበጠበጡትን ማጣበቂያ ጠርገው ጣሉት።

"አልኮሉ..." አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ራሴ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር።"



አልኮሉ ገባ። ዶክተሩ ጣሪያ ያያሉ፤ ደቂቃውንም የሚቆጥር የለም። ራህማ የወንበሩን እጀታ በጣቷ እየመታች ቆጠረች። ስልሳ ላይ ስትደርስ እጇን አነሣች። እሳቸውም አዲስ ወረቀት አነሡ። መጀመሪያ የገባው ትንሽ ርሶ ወጣ፣ ሁለተኛው ደረቅ ሆኖ። ያኔ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

"አመመሽ?" አሏት።

ራሷን ነቀነቀች። አላመማትም። ደክሟት ነው።