ከድሃ ዝርዝር ያሰረዝኳት እናቴ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ወልድያ ቢሮ ውስጥ "ሻይ ሳይጠጣ አታናግሩት" እየተባባሉ ይቀልዱብኛል። ያን ቀን አፌን ብይዝ ኖሮ እናቴ ይሄኔ ሀብሩ፣ ደጃችን ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

ቀበሌው ሰውን የሰበሰበው ለጤና መድን ነው። የሚችል በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ የማይችለውን ሕዝቡ ራሱ ይመርጥና መንግሥት ይከፍልለታል። እኔም እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። አንድ ገበሬ ተነስቶ "ስንት ዓመት ከፈልኩ፤ አንድ ቀን አልታመምኩም። ገንዘቤ የት ገባ?" ሲል ሰዉ ሳቀ።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል "አልሃምዱሊላህ አትልም እንዴ! የታመመው ጋ ገባ፤ ሶደቃ ነው" አለችው።

የጤና ባለሙያዋም ጤነኛው እየተወ ከወጣ የሚቀረው በሽተኛ ብቻ እንደሚሆን፣ መዋጮውም በየዓመቱ የሚጨምርበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ አስረዳችው። አልተዋጠለትም።

ከዚያ መክፈል የማይችሉት ስም ተነበበ። ሦስተኛው የእናቴ ነበር።

ደሜ ፈላ። እኔ ተምሬ፣ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ፣ እናቴ የድሃ ድሃ ተብላ በአደባባይ ትነበብ? ብድግ አልኩና "እሷ ልጅ አላት! ይሰረዝልኝ፤ እኔ እከፍላለሁ!" አልኩ። ሽማግሌዎቹ "ተባረክ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው" አሉኝ። ቦታዋ ልጅ ለሌላቸው ጎረቤታችን፣ ለአንዲት ባልቴት ተሰጠ። ደረቴን ነፍቼ ወደ እናቴ ዞርኩ። የሻሿን ጫፍ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ወደ ቤት ስንመለስ "ምነው መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ" አለችኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት ከፈልኩ። በሁለተኛው ማሳደሻው ሲደርስ ደወለችልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኳት። ስብሰባ ነበረብኝ፣ ሪፖርት ነበረብኝ እያልኩ ማመካኘት እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ረሳሁት። ምዝገባው ተዘጋ። ደግማ ስትጠይቀኝ "ከፍያለሁ እኮ እማ፣ አታስቢ" አልኳት። ዋሸኋት። እስከሚቀጥለው ዓመት ምን ይመጣል ብዬ ነዋ!

ከጥቂት ወራት በኋላ በስልክ "ጨጓራዬን ትንሽ ያመኛል" አለችኝ። ታከሚ ስላት "ጤና ጣቢያ ሄጄ ኪኒን ሰጥተውኛል" አለች። ባልታደሰ የመድን ደብተር እንዴት አከሟት? ጥያቄው መጥቶብኝ ነበር። አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቅ ውሸቴ ሊወጣ ነው።

ለአረፋ ስመጣ ሰውነቷ አልቆ ቀሚሷ ተንጠልጥሎባታል። በዚያው ሰሞን ወልድያ ወስጄ አሳከምኳት። መድኃኒቱንም፣ ምርመራውንም፣ ሁሉንም ከኪሴ ከፈልኩ። የመድኑ መዋጮ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ሐኪሙ "ቀደም ብላ ብትመጣ ጥሩ ነበር" አለኝ። ወር ሳይሞላ ቀበርናት።

ለቅሶው ላይ ባልቴቷ አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል። እጄን ያዙና "ልጄ፣ እኔ በእሷ ቦታ ታክሜ ዳንኩ" አሉኝ።

"አብረን ነው ጤና ጣቢያ የሄድነው። የእኔን ደብተር ተቀበሉኝ፤ የእሷን ግን አልታደሰም አሏት። 'ልጄማ ከፍሏል፣ ማህተም ሳላስመታ የቀረሁት እኔ ነኝ' አለቻቸው። በገንዘብ ታከሚ ቢሏት ሌላ ቀን እመጣለሁ አለች። ደጅ ተቀምጣ እኔን ጠበቀችኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ብዬ ጮህኩባቸው። በእናቴ ለቅሶ ላይ፣ በእኚህ ምስኪን ላይ!

አልተቆጡኝም። "አስምላኝ ነው ልጄ። 'በሰው ፊት ቃል ገብቷል፤ ከሰማ ያፍራል' ብላ ወላሂ አስባለችኝ" አሉኝ።

የባልቴቷ ደብተር ዘንድሮም ታድሷል፤ እሳቸው በእግራቸው ቆመው ይሄዳሉ፣ አልሃምዱሊላህ። ያ ደብተር የእናቴ ነበር። እኔው ነኝ ያሰረዝኩባት።