መንገድ የሚለቁልኝ ተወዳዳሪዎች

ቦንጋ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተሬ ጋር መሪና ፔዳል ገጥሜ፣ ጎማቸው ሽፋን የሌለው የውድድር መኪኖች እየነዳሁ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት እሽቀዳደማለሁ። እነዚህ መኪኖች ጎማ ለጎማ ከተነካኩ ብትንትናቸው ይወጣል። እኔ ኩርባ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም መንገድ ይለቁልኛል። ለወራት የፈሩኝ መስሎኝ ተኮፍሼ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያሉት አከራዬ ጩኸቴን ሲሰሙ «ደግሞ ከማን ጋር ተጣላህ?» ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንዱ ተወዳዳሪ ከራሱ መኪና ሆኖ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልን። እኔ በሥርዓት የታጠፍኩበት ኩርባ ላይ መኪናዬ ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ሣሩ ላይ ብቅ ትላለች። የሚቆራረጠው የሰፈራችን ኔትወርክ ነው፤ እግዜር ይይለት! ለካ ማንም አልፈራኝም። የሚሸሹኝ የት እንዳለሁ ስለማያውቁ ነው።

መሪውን ለቅቄ ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ቆይቶ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ዛሬ ምነው ድምፅህ ጠፋ? አለህ?» አሉኝ አከራዬ።

ከዝናቡ በላይ ጮኼ፣ «አለሁ፣ እትዬ! አለሁ!» አልኳቸው።